ከፑላስኪ ወዲያ

ግላስጎ፣ ሜይ 9 ቀን 2018

ለተከበሩት አጎቴ ኢዜል፣

ሰላምና ጤና ከቤትዎ አይለይ። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? እህትዎ አክስቴ ቨርሊንስ? ልጇ ዶርሲስ አሁንም አውቶቡስ እየጠገነ ነው? እኔ ይህ ዝናብ እስከ አጥንቴ ቢዘልቅም፣ ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። አያቴ ኧርነስቲን በሕይወት ብትኖር ይህን ደብዳቤ የምትጽፍልዎ እሷ ነበረች። እሷ ካረፈች ወዲህ እኔ ከገና ካርድ ያለፈ ነገር አልላክሁልዎም፤ አፍሬያለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።

የምጽፈው በሥራ ጉዳይ ነው። የምሠራበት የጥናት ክፍል በሽጉጥ የሚደርስ ጥቃትን ለመከላከል በየሰፈሩ የተቋቋሙ ፕሮግራሞችን እንዲገመግም ተቀጥሯል። ገንዘብ ሰጪዎቹ ሆን ብለው ከባሕር ማዶ ገምጋሚ ፈለጉ፤ ማንንም የማያውቅ፣ ማንም የማያውቀው። የሰፈሮቹ ዝርዝር ሲመጣ አራተኛው ላይ «ቺካጎ፣ ከፑላስኪ መንገድ በስተ ምዕራብ» ይላል። ደነገጥሁ። የእርስዎ ፕሮግራም ነው።

ቅጽ ሞላሁ። «በሚገመገመው ፕሮግራም ውስጥ የቅርብ ዘመድ አለሽ ወይ?» ይላል፤ የቅርብ ዘመድ የሚባለው ደግሞ እስከ አጎትና አክስት ልጅ ድረስ ነው። የእርስዎ እናትና የእኔ አያት የእህትማማች ልጆች ናቸው፤ ስለዚህ በወረቀቱ ሕግ እኔና እርስዎ ባዕድ ነን። «የለኝም» ብዬ ፈረምሁ። አያቴ ይህን ብትሰማ፣ በትውልድ መንደራቸው በኢታ ቤና ከእናትዎ ጋር በአንድ አልጋ እንዳደጉ እየቆጠረች ጆሮዬን ትቆነጥጠው ነበር።

ቁጥሩ ሁሉ እጄ ላይ ነው። ሥራው ራሱ ግን እንዴት እንደሚሠራ ከወረቀት አልገባኝም። የሰው ስም ሳይጠሩ፣ ውሎዎን ቢጽፉልኝ?

አክባሪዎ
ላትሪስ


ቺካጎ፣ ሜይ 31 ቀን 2018

ለላትሪስ፣ ለአክስቴ ለኧርነስቲን የልጅ ልጅ፣

ጌታ ከዝናቡም ከብርዱም ይሰውርሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ቁጭ ስል ያመኛል፣ ስለዚህ ቁጭ አልልም፤ ይህንንም የምጽፍልሽ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ ነው። ፊደሌ ከተንጋደደ ጥፋቱ የጉልበቴ ነው።

ባዕድ ነን ብለሽ መፈረምሽ አሳቀኝ። አሥራ ሰባት ዓመት እስር ቤት ስቀመጥ አያትሽ በየወሩ አንድ ደብዳቤ ጽፋልኛለች። እናቴ የዘለለችው ወር አለ፤ አያትሽ ግን አንድም አልዘለለችም። ስልክ የማልወድደውም ከዚያ ወዲህ ነው። ስለ ሥራዬማ በስልክ ትንፍሽ አልልም፤ ፖሊስ ስልኬን የወሰደ ቀን እዚህ ሰፈር ማንም ሁለተኛ አያናግረኝም።

ሥራዬ ጠብ አብራጅነት ነው። ብርቱካናማ ጃኬት ለብሼ ፕሮግራሙ የያዛቸውን ሃያ አራት የሰፈር ብሎኮች እዞራለሁ። ባለፈው ማክሰኞ አንድ ሰው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ የሌላ ሰው ደጅ ሲጠብቅ አገኘሁት። ሽጉጡን ጭኑ ሥር አድርጎታል። በመስኮቱ ጎንበስ ብዬ «ምሳ በላህ?» አልሁት።

«ሂድልኝ ሽማግሌው፤ ዛሬ ላንተ ጊዜ የለኝም።»

«እኔ ስለ ሆድህ እንጂ ስለ ጊዜህ መች ጠየቅሁህ?»

«ልገድለው ነው እኮ! ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል። ባዶ ሆድህን ነው የምትገድለው? እስር ቤት የሚሰጡህን ምግብ ብታውቅ፣ አሁኑኑ የሁለት ሰው ምሳ ትበላ ነበር።»

ሳቀ። ሳይወድ በግዱ ሳቀ፤ ሰው ከሳቀ ደግሞ የኔ ነው። የጎድን ጥብስ ቤት ወሰድሁት፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ አወራኝ፤ ከዚያ እናቱ ቤት አደረስሁት። ማታ ቅጹ ላይ «ሽምግልና፣ አንድ» ብዬ ሞላሁ። አየሽ፣ የሞተ ሰው ይቆጠራል፤ ሳይሞት የቀረ ግን በምን ይቆጠራል? ይህን ከመለስሽልኝ ዶክተርነትሽን አምናለሁ።

አርብ አርብ ሥራ የለኝም። ጃኬቴን አውልቄ ፑላስኪን ተሻግሬ ቨርሊን ቤት እሄዳለሁ፤ የተጠበሰ አምባዛ ከስፓጌቲ ጋር ታቀርባለች፣ የብሎኩ ወንዶችም በረንዳዋ ላይ ይሰበሰባሉ። ዶርሲ አሁንም አውቶቡስ ይጠግናል፤ እናቱን በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ያመላልሳል፤ ልቡ ወርቅ ነው፣ አፉ ግን ፍሬን የለውም። ባለፈው አርብ እዚያው በረንዳ ላይ፣ ሊገዳደሉ የነበሩ ሁለት ወንድማማቾችን ከአንድ ሳህን አብልቼ አስታረቅኋቸው። ይህንን ግን አትቁጠሪው፤ እራት እንጂ ሥራ አይደለም።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ፤ እዚያ አገር ቅቤው የሚያብረቀርቅ ብስኩት አለ አሉ። ላኪልኝ።

ዘመድሽ (በወረቀት ባዕድሽ)
ኢዜል


ግላስጎ፣ ጁላይ 2 ቀን 2018

ለተከበሩት አጎቴ ኢዜል፣

ጤናዎ ይጠበቅልኝ። ብስኩቱን ልኬያለሁ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ አሰብሁ፣ በሦስተኛው «አርብ አርብ» የሚለው ላይ ቆምሁ። ምክንያቱን ልጻፍልዎ፤ ልጽፍልዎ የማይገባኝን ነው የምጽፈው።

ግምገማው እንዲህ ነው። ከፑላስኪ ወዲህ ፕሮግራሙ አለ። ከፑላስኪ ወዲያ የለም፤ ሰዉ ግን ያው ነው፣ ድህነቱም ያው። ስለዚህ ወዲያ ማዶ ማነጻጸሪያችን ነው። ሁለት ዓመት የተተኮሰባቸውን ሰዎች ቆጠርን። በእናንተ በኩል በሲሶ ቀንሷል። እልል ልል ስል ወዲያኛውን አየሁ፤ እሱም በሲሶ ቀንሷል። ሁለቱ መስመሮች ሥዕሉ ላይ ተደራርበው ተኝተዋል።

አለቃዬ ፈርገስ ክፉ ሰው አይደለም። ሥዕሉን አየና «ያው በጠቅላላው ጊዜው ረግቦ ነው እንጂ ፕሮግራሙ ያመጣው ለውጥ የለም» አለ። ሪፖርቱ እንደዚያ ከወጣ ገንዘብ ሰጪዎቹ በሚቀጥለው ዓመት ያቆማሉ። አሥራ አራታችሁም ጃኬታችሁን ትመልሳላችሁ።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ እባክዎ እውነቱን ይጻፉልኝ። አርብ አርብ ወዲያ ማዶ መሄድ ከጀመሩ ስንት ጊዜዎ ነው? በዚያ በረንዳስ ስንት ሰው አስታርቀዋል?

ላትሪስ


ቺካጎ፣ ጁላይ 20 ቀን 2018

ለላትሪስ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ብስኩቱ ደርሷል፣ ቨርሊን ግማሹን ነጠቀችኝ።

ጥያቄሽ ግን አናደደኝ። አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መርማሪ የሆንሽው? እህቴ ቤት ሄጄ መብላቴ ምን ያገባዋል ለስኮትላንድ? ደብዳቤሽን አንብቤ ወጥቼ አራት ብሎክ ተራመድሁ፣ ተመለስሁ፣ እንደገና ወጣሁ። ጎረቤቴ «ኢዜል፣ ውሻ ጠፍቶብህ ነው?» አለኝ።

እሺ፣ ልንገርሽ። ሥራ የጀመርሁ ጊዜ የፈረምሁት ውል ከሃያ አራቱ ብሎክ ውጭ ሽምግልና እንዳትገባ ይላል። ኢንሹራንሱ አይሸፍንህም፣ ብትመታም የራስህ ጉዳይ ነው ይላል። ኃላፊያችን በዚህ ቀልድ አያውቅም፤ ባለፈው ዓመት አንዱን አሰናብቶበታል። ይህ ደግሞ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ያገኘሁት የመጀመሪያው ንጹሕ ሥራዬ ነው። በዚህ ጃኬት ቤተ ክርስቲያን ስገባ ሰዎች ይነሡልኛል፤ ድሮ የሚነሡት ለመሸሽ ነበር።

ስለዚህ አርብ ጃኬቴን አወልቃለሁ። ያለ ጃኬት የቨርሊን ወንድም ነኝ። የተጣላ ሰው በረንዳዋ ላይ ከመጣ «ሂድ፣ ያንተ ቤት ካርታው ውስጥ የለም» ልበለው? ግማሾቹ ዘመዶቼ ናቸው፤ ከግማሾቹ ጋር ታስሬያለሁ። ጠበኞቹ ራሳቸው ፑላስኪን እየተሻገሩ ነው የሚጣሉት። ጥይቱስ መብራቱን ጠብቆ ነው እንዴ የሚሻገረው?

ስንት ጊዜ አልሽ? ፕሮግራሙ ከተጀመረ አንሥቶ። ስንት ሰው? አልቆጠርሁም። አርብ አንዳንዴ ሁለት፣ አንዳንዴ ምንም። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆችም፣ ስም አልጠራም፣ በየዘመዶቻቸው ቤት እንደኔው ናቸው።

ይህን ለማንም አትናገሪ። በአያትሽ አፈር ይሁንብሽ።

ኢዜል


ግላስጎ፣ ኦገስት 27 ቀን 2018

ለተከበሩት አጎቴ ኢዜል፣

ዘገየሁብዎ። አምስት ደብዳቤ ጀምሬ ቀደድሁ።

ለማንም አልተናገርሁም። መናገር ግን ነበረብኝ። ለፈርገስ እንዲህ ብል ይበቃ ነበር፤ «ማነጻጸሪያው ተበክሏል፤ ሠራተኞቹ ወዲያ ማዶም ይሠራሉ፤ የቀነሰው በእነሱው ነው።» ቀጥሎ «ከማን ሰማሽ?» ይለኛል። እርስዎ ከሥራ ይባረራሉ፤ እኔም በዚያ ቅጽ ላይ ፈርሜያለሁ።

ሌላ መንገድ አገኘሁ። ከሴፕቴምበር እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ተጨማሪ ስድስት ወር እንቆጥራለን፤ ፈርገስን አሳምኜዋለሁ። በነዚህ ስድስት ወራት እርስዎም ጓደኞችዎም ፑላስኪን አትሻገሩ። አንድ ጊዜም ቢሆን። ጓደኞችዎን እርስዎ ይንገሩልኝ፤ ከኔ እንደመጣ ግን አይንገሯቸው፤ ለአክስቴ ቨርሊንም ቢሆን። ያኔ ሁለቱ መስመሮች ይለያያሉ፤ ፕሮግራሙ እንደሚሠራ በቁጥር ይታያል። ገንዘቡ ይታደሳል። ምናልባት ወዲያ ማዶም ፕሮግራም ይከፈት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ጃኬትዎን ለብሰው በይፋ ይሻገራሉ።

ስድስት ወር ብቻ ነው፣ አጎቴ። በአያቴ ስም እለምንዎታለሁ።

ላትሪስ


ቺካጎ፣ ሴፕቴምበር 24 ቀን 2018

ለላትሪስ፣

ጤና ይስጥሽ። እሺ ብያለሁ። ሦስት አርብ ቀርቻለሁ። ልጆቹም እሺ ብለዋል፤ «ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው» አልኋቸው፣ ከየት ላይ እንደሆነ አልጠየቁኝም።

አርብ ሲመጣ ግን ምን እንደምሆን አላውቅም። ቴሌቪዥን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ያጠብሁትን ሳህን እንደገና አጥባለሁ። ባለፈው ቨርሊን ደወለች።

«ኢዜል፣ ሞተሃል?»

«አልሞትሁም።»

«እንግዲያው አምባዛዬ ምን አደረገህ?»

«ሐኪም ጥብስ ከለከለኝ።»

«ሐኪም! አንተ ሐኪም ቤት የምትሄደው ተሸክመውህ ነው። ሴት ይዘሃል?»

«በዚህ ጉልበት?»

«እንግዲያው ንቀኸኛል። ኩላሊቴ ሰነፈ ብለህ እህትህን አንቋሸሽሃት። ዶርሲ! ና ስማ፣ አጎትህ ጥብስ ተከለከልሁ ይላል!» ዶርሲ ከኋላ ሆኖ «ጎመኑንስ ተከለከለ? ጎመን ይዘንለት እንምጣ!» እያለ ሲስቅ ሰማሁት። ስልኩን ዘጋሁ። እህቴን ስዋሽ እስር ቤት ከገባሁበት ጊዜ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ያኔም የዋሸኋት ብላቴና ሆኜ ነበር።

አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አምኜሻለሁ። ብቻ አንድ ነገር ንገሪኝ፤ መስመሩ ይለያያል ስትይኝ፣ የኛ ወደ ታች ይወርዳል ማለትሽ ነው ወይስ የእነሱ ወደ ላይ ይወጣል ማለትሽ?

ኢዜል


ግላስጎ፣ ጃንዋሪ 8 ቀን 2019

ለተከበሩት አጎቴ ኢዜል፣

አዲሱ ዓመት የጤናና የደስታ ይሁንልዎ። ሳልጽፍልዎ መክረሜ ከሥራ ብዛት ነው፤ ከርሜ ግን መልካም ዜና ይዤ መጣሁ። መስመሮቹ ተለያይተዋል! አራቱ ወራት አልቀው ልዩነቱ ግልጽ ሆኗል፤ ፈርገስ ራሱ «ይህ ነገር እውነትም ይሠራል» አለ። የጊዜያዊ ሪፖርቱ ረቂቅ በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ለገንዘብ ሰጪዎቹ ይላካል።

ይህ ሁሉ የእርስዎ ትዕግሥት ነው። ሰባት ሳምንት ብቻ ቀርቷል። አክስቴ ቨርሊን ተቆጥታ ከሆነ ስንገናኝ እኔ እግሯ ላይ ወድቄ አስታርቃችኋለሁ። ሌላ ብስኩት ልኬያለሁ፣ ለሷም ጭምር።

ላትሪስ


ቺካጎ፣ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2019

ለላትሪስ፣

ባለፈው ሴፕቴምበር ጥያቄ ጠይቄሽ ነበር። አልመለስሽልኝም። መልሱን እኔ አግኝቼዋለሁ።

ዶርሲ ሞቷል። ጃንዋሪ 26፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፤ ቆሜም ተቀምጬም መጻፍ አልሆነልኝም፣ እየተነሣሁ እየተመላለስሁ ነው። ከባድ በረዶ ጣለ። ዶርሲ ከእናቱ ደጅ ፊት ለመኪናዋ የሚሆን ቦታ በአካፋ ሁለት ሰዓት ቆፈረ፤ ሰኞ፣ ረቡዕና አርብ በጠዋት ለእጥበት ይዟት ስለሚወጣ። ከዚያ እንደምናደርገው የወጥ ቤት ወንበርና የካውያ ጠረጴዛ አቁሞ ቦታውን ያዘ። አንቺም ዘጠኝ ዓመት እስኪሆንሽ እዚህ አድገሻል፣ በዚህ ከተማ የሰው ወንበር እንደማይነካ ታውቂያለሽ። ከሦስተኛው ቤት ያለው ሰውዬ ወንበሩን አንሥቶ መኪናውን አቆመ። ዶርሲ ደግሞ ምን አደረገ መሰለሽ፤ በባልዲ ውሃ እያመላለሰ የሰውዬውን መኪና አራቱንም በር በበረዶ ዘጋበት። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። ሰውዬው ግን አልሳቀም።

ሐሙስ ቨርሊን ደወለች። ቀልድ የለም፣ ስድብ የለም። «ኢዜል፣ ነገ ና። ሰውዬው ሽጉጥ ይዞ በደጄ ተመላልሷል። ዶርሲ የሚሰማው አንተን ብቻ ነው።»

ላትሪስ፣ ይህ ጠብ ለኔ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር። ሰውዬውን ከነአባቱ አውቀዋለሁ። አካፋ ይዤ ለሱም ቦታ እቆፍርለት ነበር፤ ሌላ ምንም አይፈልግም። አርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፑላስኪ ጥግ ቆምሁ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ አልተሻገርሁም። ቀይ ሆነ፣ እንደገና አረንጓዴ ሆነ። «ሰባት ሳምንት ብቻ» ያልሽበት ደብዳቤ ከሁለት ቀን በፊት ደርሶኝ ኪሴ ውስጥ ነበር። አሥራ ሦስቱን ልጆች አሰብሁ፣ ጃኬታቸውን አሰብሁ። ሦስተኛ አረንጓዴ ሲሆን ዞሬ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ለዶርሲ በስልክ ደወልሁ። እኔ፣ በስልክ።

«ተወው ልጄ፣ ቦታውን ልቀቅለት።»

«አጎቴ፣ እውነትህን ከሆነ መጥተህ ለምን አትነግረኝም? አምስት ወር ሙሉ ደጃችንን ሳትረግጥ፣ አሁን በስልክ ትመክረኛለህ?»

«ልቀቅለት» ብዬ ደገምሁለት። ስልኩን ዘጋሁ። በማግስቱ ወንበሩን መልሶ ሲያቆም ሰውዬው ተኮሰበት። እኩለ ቀን ሳይሆን ሆስፒታል ውስጥ አረፈ።

ቀብሩን አልነግርሽም። ሐሙስ ፌብሩዋሪ 14 ቢሮ ተጠራን፤ ኬክ አለ። ኃላፊያችን ወረቀት እያነበበ «ከማነጻጸሪያው ሰፈር ጋር ሲተያይ ውጤቱ ግልጽ ነው» አለ፣ ለሦስት ዓመት ታድሶልናል አለ። ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ ሒሳብ አላውቅም፤ ወረቀቱ ላይ ያሉትን ሁለት መስመሮች ሳይ ግን ገባኝ። የኛ ከበፊቱ አልወረደም። የእነሱ ነው የወጣው። እኔ እህቴ ቤት እራት ባለመብላቴ ነው የወጣው። ኬኩን ሳልነካ ወጣሁ፤ ጃኬቴን ወንበሩ ላይ ትቼ።

ከቢሮው በቀጥታ ተሻግሬ ቨርሊን ጋ ሄድሁ፤ ሁሉንም ነገርኋት። ደብዳቤዎችሽን አነበብሁላት፣ አንድም አልደበቅሁም። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም፤ ምነው በተሳደበች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «በዚያ ወረቀት ላይ ዶርሲ ምን ተብሎ ነው የተጻፈው?»

አላውቅም አልኋት።

አንቺን ብቻ አልወቅስም። የቆመው እግር የኔ ነው። ግን ጥያቄዋን መልሺላት። ለኔ አይደለም፣ ለሷ ጻፊላት። አድራሻዋን ከጀርባው ታገኚዋለሽ።

ኢዜል


ግላስጎ፣ ማርች 5 ቀን 2019

ለአክስቴ ለቨርሊን፣

በምን ሰላምታ እንደምጀምር አላውቅም። እግዚአብሔር ያጽናዎት የማለት መብት ያለኝ አይመስለኝም፤ ቢሆንም እግዚአብሔር ያጽናዎት።

ወንድምዎን አይቀየሙት። እርስዎ ቤት እንዳይመጣ የለመንሁት እኔ ነኝ። በአያቴ ስም ለመንሁት፤ እምቢ እንደማይለኝ አውቄ ነው። መስመሩ የሚለያየው በየትኛው በኩል እንደሆነ ሲጠይቀኝም ገብቶኝ ነበር፤ ዝም አልሁት።

ለአለቃዬ ሁሉንም ተናግሬያለሁ፤ የፈረምሁትን ቅጽም፣ ደብዳቤዎቹንም። ከጥናቱ አውጥቶኛል። ሪፖርቱን አስመልሶ ይዞታል፤ ምን እንደሚያደርግበት እኔ አልወስንም። ፕሮግራሙ ይሠራል የሚለው እውነት ነው፤ በሁለቱም በኩል ይሠራ ነበር፤ እኔ ነኝ በአንድ በኩል ያስቆምሁት። ይህንንም በጽሑፍ ሰጥቻለሁ።

አሁን ጥያቄዎን ልመልስ። ወረቀቱ ላይ ስም የለም። ዶርሲ «ተጎጂ ዘጠኝ፣ ወንድ፣ 36፣ ጃንዋሪ 26፣ ሞት» ተብሎ ነው የተጻፈው። ከሴፕቴምበር ወዲህ ከፑላስኪ ወዲያ ዘጠነኛው ነው። አዎ፣ አክስቴ፤ ፕሮግራሙ እንደሚሠራ ማስረጃ ተደርጎ ተቆጥሯል።

ሐሙስ ማርች 14 ቺካጎ እገባለሁ፤ ወደ እርስዎ ነው የምመጣው። ከመምጣቴ በፊት ግን ይህን ይወቁ፤ ደጅዎ ቆሜ ለመናገር ድፍረት እንዳላጣ ፈርቼ ነው አሁን የምጽፈው። ያችን መስመር የጻፍኋት እኔው ነኝ። ሰኞ ጠዋት፣ ጃንዋሪ 28። ማን እንደሆነ አላወቅሁም፤ አንድ ሰው መሞቱን ግን አውቄያለሁ። ቁጥሩን ሞላሁ፣ የወዲያኛው መስመር ትንሽ ከፍ አለ፤ እኔም ደስ አለኝ።

ይህን አውቀው በሩን ይክፈቱልኝ፣ ወይም አይክፈቱልኝ።

ላትሪስ